የባምፐሩ ሕግ እና የአባባ ዕጣ

ቶሮንቶ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድምጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህስ ተሻለው ወይስ አሁንም እሱን ሰበብ አድርገህ ሱቅህ ውስጥ ቁጭ ብለህ ሰውን ሁሉ ወደ አንተ ታስመጣለህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ከረሙ? እኔም ጸዮንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስታችን አበራሽም ሰማንያ ዓመት ሞልቷት ደህና ናት። ፍሌሚንግደን ፓርክ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ያረፈደውን አውቶቡስ ሁሉ ትቆጣለች። ፋሲካን እሷ ጋ ዋልን። ስላንተ ጠይቃ ጠይቃ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጠየቀችኝ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። እውነትህን ነው። ግን በስልኩ ላይ ልጆችህ ይሻሙብሃል፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ እኔም ፊትህን ሳይ ወደ ሌላ ወሬ እሸሻለሁ። ሦስት ጊዜ ልነግርህ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋን። ጎረቤቴ ተሻገር ለእህቱ ሠርግ ወደ አዳማ ስለሚመጣ ይህን በእጁ ልኬልሃለሁ። ስታነበው ብቻህን ሁን። የታመመም የሞተም የለምና አትደንግጥ። ሃያ ሁለት ዓመት ያቆየሁት አንድ ነገር አለ፤ መጨረሻው ላይ እደርስበታለሁ። ሮጬ ከተናገርኩት ግን እንደ ልማዴ አቃልዬ አልፈዋለሁና መጀመሪያ ወደዚያ ያደረሰኝን መንገድ ልንገርህ።

የላክልኝን ፎቶ ለጸዮን አሳየኋት። የአባባን ሳሎን እንዲህ የጥገና ሱቅ ታደርገዋለህ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ተማሪዎችህ የተፈታውን የውኃ ፓምፕ ከበው፣ አንተ መሐል ቆመህ፣ ፀጉርህ ነጭ በነጭ ሆኖ። ሽማግሌ መስለሃል ብልህ አትቆጣ፤ እኔም ቀለም ባልቀባው ካንተ እብሳለሁ። ከበስተኋላህ የአባባ መላጫ መስተዋት ጥጉ እንደተሰነጠቀ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አለመጣልህ ደስ አለኝ።

እኔ አሁንም ዌስተን ያለው የወንበር መስፊያ ቤት ነው የምሠራው። የአውቶቡስ፣ የአምቡላንስ፣ አንዳንዴም የጀልባ መቀመጫ እንሰፋለን። አሥራ ስምንት ዓመት ስፖንጅ ስቆርጥ ኖሬ አውራ ጣቴ ሚዛን ሆኗል። አንዴ ጫን ካደረግኩት ውፍረቱን፣ ጥንካሬውን፣ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል እናገራለሁ። ማሽን አምጥተው ይለኩና ያው እኔ ያልኩት ይሆናል። ይህን የምልህ ለጉራ አይደለም። ትንሽ ለጉራም ነው፤ ግን ኋላ ላይ ይህ ጣት ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ግሬስ የምትባል የፊዚክስ መምህር ቁርጥራጭ ሸራ ልትለምን እኛ ጋ መጣች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ለሮቦት አለችኝ። እዚህ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የበረዶውን ክረምት ሙሉ እየተሰበሰቡ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሮቦት ይሠራሉ። ጎማ ያለው፣ ክንድ ያለው፣ ኳስ እያነሳ ቅርጫት ውስጥ የሚጨምር ማሽን ነው። ከዚያ በአንድ ጂም ውስጥ ሦስት ለሦስት ሆነው ይገጥማሉ። ጨዋታው ኳስ ነው ይበሉ እንጂ ዋናው ነገር ግጭት ነው። አርባ ኪሎ ብረት በሩጫ መጥቶ ሌላ አርባ ኪሎ ብረት ሲመታ ግድግዳው ይሰማዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሮቦት ዙሪያውን የሚከበብበት ነገር አለው፤ እናንተ ፓራውልት የምትሉት፣ እዚህ ባምፐር። ከኋላው ጣውላ፣ ከፊቱ ስፖንጅ፣ ከላዩ ሸራ። ሞተሩን ልጆቹ ያውቁታል፣ ኮምፒውተሩን ልጆቹ ያውቁታል፣ ባምፐር የሚሰፋ ሰው ግን አልነበራቸውም። እኔ ገባሁ።

ወንድምጋሼ፣ መጀመሪያ ቀን ጂሙን ስረግጥ ያሰብኩት አንተን ነበር። አንድ ልጅ በርከክ ብሎ ሰንሰለት ሲያጠብቅ አየሁና አንተ የጎረቤታችንን የተናኘን ሬዲዮ በማንኪያ እጀታ ፈትተህ ስትገጥም ትዝ አለኝ። ወደ ውጭ ወጥቼ በረዶው ላይ ትንሽ ቆምኩና ተመለስኩ።

ባለፈው ዓመት የውድድሩ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። አምስት ነን። የባምፐሩን ምዕራፍ አንቺ ጻፊው አሉኝ፤ በየዓመቱ የሚያጣላው እሱ ነውና። አንዱ ቡድን ስስ ያደርገዋል፣ አንዱ በድንጋይ የተሞላ ይመስል ያከብደዋል፣ ከዚያ የተመታው ይጮሃል፣ የመታው ይምላል። እኔም ቁጭ ብዬ ቁርጥ ያለ ሕግ ጻፍኩ። ስፖንጁ አዲስ ይሁን፣ ከሱቅ የተገዛ ይሁን፣ ስሙ ይህ ይሁን፣ ውፍረቱ ስድስት ሴንቲሜትር። ጣውላው አንድ ወጥ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር። ሸራው ይህ ዓይነት፣ ስፌቱ በመኪና። ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ እኩል ነው፣ እኩል ከሆነ ፍትሐዊ ነው ብዬ ኮሚቴው ፊት አነበብኩ። አጨበጨቡልኝ።

ያላነበብኩላቸው ግን አንድ ነገር ነበር። የጻፍኩት ስፖንጅ የኛ መስፊያ ቤት መደርደሪያ ላይ የተከመረው ነው። ሸራው የኛው ነው። የቁርጥራጩ ክምር ደግሞ በየሳምንቱ በኔ መኪና ወደ ጸዮን ቡድን ይሄዳል። ልጄ የዌስተኑ ቡድን ውስጥ ናት፤ ባምፐራቸውን የምሰፋላቸው እኔ ነኝ። አውቄ ነው ወይ ያደረግሽው ብትለኝ፣ ያን ጊዜ አላውቅም እልህ ነበር። የማውቀውን ጥሩ ነገር ጻፍኩ፣ በቃ። ሰው ለራሱ ሲያዳላ እጁ እንዲህ ቀለል ይላል።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው ግጥሚያ ደረሰ። እኔ የፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ጄን ኤንድ ፊንች ከሚባለው ሰፈር አንድ ቡድን መጣ። ሮቦታቸውን በሁለት አውቶቡስ ነው ያመጡት፤ በገበያ ጋሪ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው። መሪያቸው ሀፍሳ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወላጆቿ ከድሬዳዋ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር እያጣላች ታወራዋለች። ባምፐራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። የሰፈራቸው መዋኛ፣ ዋና ለማጅ ልጆች ደረታቸው ሥር የሚይዙትን የስፖንጅ ሰሌዳ አሮጌ ነው ብሎ ሲጥል ለቅመው፣ ቆራርጠው፣ ሦስት ድርብ አድርገው፣ በአሮጌ ድንኳን ሸራ በእጅ ሰፍተውታል። ጣውላውም በአራት የተቆራረጠ ነው።

ጣቴን ጫን አደረግኩ። ያን ደቂቃ እውነቱን አወቅኩ፤ እኔ ከሰፋሁት ይበልጣል። ሲጫኑት በቀስታ ይገባል፣ ሲለቁት በቀስታ ይመለሳል። ስፌቱ በእጅ ቢሆንም እንደ ኮርቻ የተጠበቀ ነው። እኔ ግን ወረቀቴን ተመለከትኩ። አዲስ አይደለም፣ ከሱቅ አይደለም፣ ወጥ አይደለም፣ በመኪና አልተሰፋም። አያልፍም ብዬ ቀይ ምልክት አደረግኩ።

የጸዮን ቡድን ትርፍ ባምፐር አዋሳቸው። ደግ ልጆች ናቸው። ግን የኛው ከነሱ በሦስት ኪሎ ይከብዳልና ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ከተፈቀደው ክብደት አለፈባቸው። ሮቦቱን ለማቅለል ክንዱን ፈቱት፤ ክረምቱን ሙሉ የደከሙበትን ኳስ የሚያነሳውን ክንድ። ቀኑን ሙሉ ክንድ አልባ ሆነው ሜዳው ላይ እየተገፉ ዋሉ። በአራት ጨዋታ አራቴ ተሸነፉ።

ማታ ዕቃ ስሰበስብ ሀፍሳ መጣች። አላለቀሰችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። እጆቿን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከታ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቲ፣ ዊዝ ሪስፔክት፣ አንድ ኩዌስችን አለኝ። ይሄን ሩል ስትጽፊ የየትኛው ቲም እንደሆንሽ ታውቂ ነበር?»

አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ። ራሷን ነቀነቀችና የገበያ ጋሪዋን እየገፋች ሄደች። የመጨረሻው ግጥሚያ ሚያዝያ ላይ ነበር፤ ለሷም በትምህርት ቤት ዘመኗ የመጨረሻዋ ነው። ሕጉ ካልተለወጠ መጥተው ዳግመኛ ሲገፉ ይውላሉ፣ ወይም አይመጡም።

መኪና ውስጥ ጸዮን ኩርፍ ብላ «ማሚ፣ እኛ ቺት አላደረግንም። ሩሉን ነው ፎሎ ያደረግነው» አለችኝ። ማን ጻፈው ስላት መስኮቱን ማየት ጀመረች።

ያን ሳምንት እንቅልፌ ተዛባ። ጾሙ ገብቶ ስለነበር ነው መሰለኝ የአባባ ቅርጫ በሐሳቤ ይመላለስ ጀመር። ታስታውሳለህ፤ የሰፈሩ አሥር ቤት ሰንጋውን ሲያርድ መዳቢው ሁልጊዜ አባባ ነበር። ቅጠል አንጥፎ ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጨጓራውም ለየመደቡ እያዳረሰ፣ አንዷን ቁራጭ ከዚህ አንስቶ እዚያ እያስቀመጠ፣ ሰው ርቦት ሲቁለጨለጭ እሱ ግን አይቸኩልም። ሲጨርስ ቢላዋውን ያስቀምጥና ከመደቡ ይርቃል። ዕጣውን እሱ አይጥልም። የሰዎቹን ምልክት፣ የአንዱን ጠጠር፣ የአንዱን ቁልፍ፣ የአንዱን ስንጥር፣ ከመንገድ ለተጠራ ሰው ይሰጠዋል። አንድ ዓመት ባለጋሪ አስቁሞ ፈረሱን እኔ ይዤ፣ ሰውየው ገብቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ አስቀምጦ ሄዷል። ለምን አንተው አትጥለውም ስለው፣ ስመድብ የቱ የኔ እንደሚሆን ባውቅ እጄ ያውቀዋል አለኝ። ልጅ ነበርኩና አልገባኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለኮሚቴው ይህንኑ ነገርኳቸው። ሕጉ ይለወጥ ስል ሁለቱ ወዲያው ተቃወሙ፤ በተለይ ጡረታ የወጣ አንድ ብረት ቀጥቃጭ አዛውንት አለ፣ ሕግ በመሐል አይለወጥም ብሎ ክርር አለ። እንግዲያው አንድ ጨዋታ እንጫወት አልኩ። አምስት ወረቀት ላይ አምስት ቡድን ጻፍኩ። አንዱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሙሉ ወርክሾፕ ያለው፣ አንዱ የአባቱ ፋብሪካ ያለው ልጅ የሚገኝበት፣ አንዱ ዘንድሮ የጀመረ፣ አንዱ ስፌት መኪና የሌለው፣ አንዱ በሁለት አውቶቡስ የሚመጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ከየሰዉ አንዳንድ ምልክት ለመንኩ። ግሬስ ፊሽካዋን፣ ሽማግሌው የእርሳስ ቁራጭ፣ ሌሎቹ ቁልፍና የአውቶቡስ ካርድ፣ እኔ የካፖርቴን አዝራር። ከዚያ ወጥቼ ኮሪደሩን የሚወለውለውን ዙበይርን ጠራሁት። የምንሰበሰብበት ማዕከል የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ፣ ምን እንደምንሠራ አያውቅም። መወልወያውን በር ላይ አቁሞ ገባ፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በየወረቀቱ ላይ አስቀመጠ፣ ያረጠበው ወለል እንዳይደርቅበት ቶሎ ወጣ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሁላችሁም የደረሳችሁን ቡድን ሆናችሁ የኔን ሕግ አንብቡ አልኳቸው።

አዝራሬ ያረፈው ሙሉ ወርክሾፕ ያለው ላይ ነበር። ሕጌን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ አንድም ቦታ አልቆረቆረኝም። ያልቆረቆረኝም ከመጀመሪያው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለጻፍኩት ነው። እርሳሱ ደግሞ የሁለት አውቶቡሱ ቡድን ላይ አርፏል። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። አንድ ሜትር ወጥ ጣውላ ይዤ ሰው የሞላበት አውቶቡስ ውስጥ በየት እገባለሁ አለ። ደግሞ ትንሽ አነበበና ይህን ስፖንጅ የሚሸጠው ሱቅ ከከተማ ውጭ ነው፣ እንዴት ልሂድ አለ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። ማንም አልሳቀም።

አዲሱን ሕግ አብረን ጻፍነው። ባምፐሩ ከምን ይሠራ የሚለውን ትተን ምን ይቻል የሚለውን አስገባን። ከምንም ስፉት፣ በእጅም በመኪናም። ጣውላው ተቆራርጦ ሊገጠም ይችላል። ክብደቱ ግን ከስድስት ኪሎ አይለፍ፣ ቁመቱም ከወለሉ እንዲህ ይሁን። ከዚያ አሥር ኪሎ አሸዋ የያዘ ከረጢት በገመድ ተሰቅሎ፣ ግድግዳው ላይ ከተሠመረው መስመር ይለቀቅና ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ከኋላ ያለው ጣውላ ካልተሰነጠቀ፣ ስፌቱ ካልተተረተረ አለፈ። ጣት የለበትም፣ ዓይን የለበትም፣ የኔ ሙያ የለበትም። ከረጢቱ የማንም ዘመድ አይደለም።

ከማጽደቃችን በፊት እንሞክረው ተባለ። መጀመሪያ ከረጢቱ ፊት የቆመው የዌስተኑ ነው፤ የኔ ስፌት። አንደኛውን ቻለ። ሁለተኛውን ቻለ። በሦስተኛው ጣውላው ጠሽ ብሎ ከመሐሉ ተሰነጠቀ። አፌን በእጄ ያዝኩ። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው መቀመጫ ስሰፋ ኖሬ፣ ለራሴ ልጅ ቡድን ያልኩትን አሸዋ ሰበረው። ቀጥሎ ከሀፍሳ የተዋስነው ቆመ። ሦስቴ ተመታ፣ ሦስቴም ተመልሶ ቅርጹን ያዘ። ሽማግሌው ራሱ እጁን አነሳ። አራት ድምፅ ደገፈ፤ እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፤ የመደብኩት እኔ ነኝና።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ግጥሚያ ነበር። ሀፍሳና ጓደኞቿ በዚያው ጋሪ መጡ፤ ክንዱም በቦታው አለ። ባምፐሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «አንቲ፣ ቼክ አድርጊው» አለችኝ። እኔ አልነካውም፣ ከረጢቱ ጋ ሂጂ አልኳት። ፈገግ ያለችው ያኔ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጫወቱ፣ ገጩ፣ ተገጩ፣ ኳስ አነሱ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸነፉ፤ ያሸነፋቸው የጸዮን ቡድን ነው፤ ጸዮን ሁለት ሌሊት ሳትተኛ አድራ ከነስንጥቁ የፈታችውን ባምፐር ራሷ እንደ አዲስ ሰፍታ። ሁለቱ ልጆች ሜዳው መሐል ተቃቀፉ። ግሬስ ያንን የዕጣ ነገር ከየት አመጣሽው አለችኝ፤ ከአባቴ አልኳት። እንዴት ያለ ቅን ሰው ነው አለች። አዎ፣ እሱ ቅን ሰው ነበር አልኳት።

ወንድምጋሼ፣ የፈራሁት ቦታ ደረስኩ።

አባባ አርባው እንደወጣ የአክስቴ ደብዳቤ መጣ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ሕጉ አንድ ዘመድ ብቻ እንዳመጣ ይፈቅድልኛል፣ አንዳችሁን ነው የምወስደው፣ እኔ መምረጥ አይሆንልኝም ብላ ጻፈች። አንተ ያን ጊዜ በማታ የቴክኒክ ትምህርት ሁለተኛ ዓመትህን ጨርሰህ ነበር። መምህርህ ቤታችን ድረስ መጥቶ ይህ ልጅ ውጭ ቢማር ብሎ ለአባባ ሲነግረው ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ጎረቤታችን እማማ አሰፋሽ ጋ ትራስ እሰፋ ነበር። አንተ ግን ታላቅ ነኝ አላልክም፣ የተማርኩ ነኝ አላልክም። እንደ አባባ ዕጣ እንጣል አልክ።

አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል ብለህ ወረቀቱን ለኔ ሰጠኸኝ። በአንዱ ላይ ቶሮንቶ፣ በአንዱ ላይ አዳማ ብዬ ጻፍኩ። አንተ ላለማየት ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። እኔ ጠረጴዛው ላይ አጠፍኳቸው። አንዱን ሦስቴ አጠፍኩት። አንዱን አራቴ።

እማማ አሰፋሽ ስኳር ጣሳ ውስጥ ጨምረው ናጡት። ልብ ካልክ በቤታችን ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ እጁን ወደ ሞሶብ አይሰድም ነበር፤ በዚህ ነገር ቀልደህም አታውቅም። ያን ቀን ግን «አንቺ ቅደሚ» አልከኝ። እጄን ጣሳው ውስጥ ከተትኩ። ያን ጊዜም ይህ አውራ ጣቴ ቀጭኑን ከወፍራሙ ይለይ ነበር።

ቶሮንቶ የሚለውን አወጣሁ። አንተ ያንተን ሳትፈታው ኪስህ ከተትከው፣ አቀፍከኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ አልከኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደረሰኝ ዕጣዬ ነው እያልኩ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ። እነዚያ ልጆች ሮቦታቸውን ከበው ባየሁ ቁጥር ይህ ሁሉ ያንተ ነበር እላለሁ። በዚህ እጅግ አዝናለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት አፌ ይከብደኛል፤ ጽፌዋለሁና አንብበው።

አዲሱን ሕግ ወደ አማርኛ ገልብጬ ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ከተማሪዎችህ ጋር አንብቡትና የቆረቆራችሁ ቦታ ካለ አስምራችሁ ላኩልኝ። ለሚመጣው ዓመት እናስተካክለዋለን።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። የላክልኝን ፎቶ በትልቁ ከፍቼ ደጋግሜ አየሁት። መስተዋቱ ውስጥ ጠረጴዛው ይታያል፤ እኔ ወረቀቶቹን ያጠፍኩበት ጠረጴዛ፣ በዚያው ቦታ። ያን ቀን ፊትህን ያዞርከው ወደዚያ ግድግዳ ነው። መስተዋቱ ያን ጊዜም እዚያው ተሰቅሎ ነበር ወይስ አንተ ኋላ ነው የሰቀልከው? እኔ ማስታወስ አልቻልኩም። መልሱን በስልክ አትንገረኝ፤ ጽፈህ በተሻገር እጅ ላክልኝ።

ጉልበትህን እግዚአብሔር ያበርታልህ፣ እጅህን ይባርክልህ፣ ልጆችህን እንደ አንተ ቅን አድርጎ ያሳድግልህ። በሳሎኑ በር ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጸዮን አጎቴን ሳሚልኝ ብላሃለች።

አንተ ያስቀደምካት
ታናሽ እህትህ